ሐሙስ መንጋጋዬ ይወጣል፤ ሲጋራውን እስከ መቼ ልተው?

ጥያቄ፦ «አዳማ ነው የምኖረው፤ ዕድሜዬ 27 ነው። በቀን ከ12 እስከ 15 ሲጋራ አጨሳለሁ። በግራ በኩል የታችኛው የመጨረሻ መንጋጋዬ ተጋድሞ ስለበቀለ የፊታችን ሐሙስ ጠዋት 4 ሰዓት ድድ ተከፍቶ ይወጣል ተብያለሁ። ሐኪሙ ‹እንዳታጨስ› አለኝ እንጂ እስከ መቼ እንደሆነ አልነገረኝም። አንድ ጓደኛዬ ጥርሱን በተነቀለበት ቀን ማታ አጭሶ ምንም አልሆነም። ቁስሉ ላይ ጎዝ ነክሼ ባጨስስ? ቅዳሜ ደግሞ ከልጆቹ ጋር የመቃም ፕሮግራም አለን፤ ሺሻም ይኖራል። ይህ ሁሉ ይከለከላል?»

መልስ፦ አጭሩን አስቀድሜ ልንገርዎ። ከሐሙስ ጠዋት 4 ሰዓት እስከ እሑድ ጠዋት 4 ሰዓት፣ ማለትም 72 ሰዓት፣ አንዴም ቢሆን መሳብ የለብዎትም። ከዚህ በታች መውረድ አይቻልም። የእርስዎ ጥርስ ግን የታችኛው ነው፣ ተጋድሟል፣ ድድ ተከፍቶ የሚወጣ ነው፤ ስለዚህ የምመክርዎ ሙሉ 7 ቀን፣ እስከሚቀጥለው ሐሙስ ድረስ ነው። ማቆሙም የሚጀምረው ሐሙስ ሳይሆን ረቡዕ ጠዋት ነው። ጎዝ ነክሶ ማጨስ አያድንም። የቅዳሜው ፕሮግራም ለዚህ ሳምንት ይቅርብዎ።

«እንዳታጨስ» ተብሎ ብቻ መሸኘት ብዙ ታካሚ የሚገጥመው ነገር ነው። ምክንያቱ ያልተነገረው ሰው ትእዛዙን እንደ ተለመደው የጤና ምክር ይወስደውና ማደንዘዣው እንደለቀቀው ይለኩሳል። ስለዚህ ከምክንያቱ ልጀምር።

ጥርስ ሲወጣ በቦታው ጉድጓድ ይቀራል። ጉድጓዱን በደቂቃዎች ውስጥ ደም ይሞላዋል፤ ደሙም ይረጋል። ያ የረጋ ደም ተጠርጎ የሚወጣ ቆሻሻ አይደለም፤ ከሥሩ ያለውን አጥንትና የነርቭ ጫፍ ከምራቅ፣ ከምግብና ከአየር የሚጋርደው እሱ ነው። አዲሱ ሥጋም የሚበቅለው በእሱ ውስጥ ነው። በሳምንት ገደማ ደሙ በለስላሳ አዲስ ሥጋ ይተካል፤ ድዱ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ ከላይ ይዘጋል፤ ጉድጓዱ በአጥንት እስኪሞላ ግን ወራት ይወስዳል። ደሙ ጊዜው ሳይደርስ ከወጣ ወይም ከሟሟ አጥንቱ ራቁቱን ይቀራል። ድራይ ሶኬት የሚባለው ይህ ነው። ከተራ ነቀላ በኋላ ከ100 ሰው ከ2 እስከ 5 የሚሆነውን ያጋጥመዋል፤ በታችኛው የመጨረሻ መንጋጋ ግን ቁጥሩ በጣም ከፍ ይላል፣ ከ100 እስከ 30 የደረሰበትም አለ። በአጫሽ ላይ ደግሞ ከማያጨሰው ሰው ጋር ሲነጻጸር ወደ 3 እጥፍ ይጠጋል።

ሲጋራ ይህን የሚያደርገው በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም። ኒኮቲን ትንንሽ የደም ሥሮችን ያጠብባል፤ ወደ ቁስሉ የሚደርሰው ደም ያንሳል፤ ጠዋት አጭሶ የመጣ ሰው ላይ ጉድጓዱ ገና ከመጀመሪያው በደንብ ላይሞላ ይችላል። በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ስለሚይዘው የሚመጣውም ደም ኦክስጅኑ የጎደለ ይሆናል። ጀርም የሚከላከሉት ነጭ የደም ሴሎች ሥራ ይዳከማል፤ የጭሱ ሙቀትና ኬሚካል ደግሞ ትኩሱን ቁስል በቀጥታ ይቆጠቁጠዋል። በዚህ ላይ ጉንጭ ወደ ውስጥ ሲሰረጉድ በአፍ ውስጥ የሚፈጠረው የመሳብ ኃይል ገና ያልጠነከረውን ደም ከጉድጓዱ ሊያላቅቀው ይችላል።

ብዙ ሰው የሚፈራው ይህን የመጨረሻውን ብቻ ነው። «ቀስ ብዬ ከሳብኩት»፣ «ጎዝ ከነከስኩበት» የሚለው ሐሳብ የሚመጣውም ከዚህ ነው። ጎዙ የሚያግደው ቢኖር መሳቡን በጥቂቱ ነው፤ ኒኮቲኑና ካርቦን ሞኖክሳይዱ የሚገቡት በሳንባ፣ ቁስሉ ጋ የሚደርሱትም በደም ነው። ይባስ ብሎ ጎዙ ደርቆ ከረጋው ደም ጋር ይጣበቅና ሲያነሱት አብሮ ይነቅለዋል። ቬፕም ቢሆን ኒኮቲንና መሳብ ስላለበት ከዚህ አያመልጥም።

ጓደኛዎ ምንም አለመሆኑን አምናለሁ። በሲጋራ ምክንያት አደጋው ይጨምራል እንጂ ያጨሰ ሁሉ አይታመምም። ግን የእሱ የትኛው ጥርስ ነበር? የላይኛው ከሆነ ወይም ድድ ሳይከፈት በቀላሉ የወጣ ከሆነ ከእርስዎ ጋር አይወዳደርም። የላይኛው መንጋጋ አጥንት ደም በብዛት ያገኛል፤ የታችኛው ጠጣርና ደሙ ያነሰ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ድራይ ሶኬት ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከነቀላው በኋላ ባለው 1ኛ፣ 2ኛና 3ኛ ቀን ነው። የሲጋራ ሐራራም የሚበረታው ከመጨረሻው ሲጋራ በኋላ በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ነው። ቁስሉ በጣም ስስ የሚሆንበት ጊዜና ሐራራው በጣም የሚጠናበት ጊዜ አንድ ላይ ይወድቃሉ። ያን ጊዜ ደግሞ ፊት አብጧል፣ እንቅልፍ ጎድሏል፣ ቤት መዋል ሰልችቷል። «ያን ቀን እችለዋለሁ» ብሎ መተማመን አብዛኛውን ሰው የሚጥለው ለዚህ ነው። ዝግጅቱ ከሐሙስ በፊት ካላለቀ አርብ ማታ አይመጣም።

ስለዚህ ረቡዕ ጠዋት የመጨረሻዎ ይሁን። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከደም ውስጥ በየ4 ወይም 5 ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ አንድ ሙሉ ቀን ከታገሡ አብዛኛው ወጥቶ ነው ወንበሩ ላይ የሚቀመጡት። ከተቻለ የኒኮቲን ፕላስተር ይፈልጉ። በየፋርማሲው የሚገኝ ስላልሆነ ዛሬውኑ ደውለው ያጠያይቁ። በቀን ከ10 ሲጋራ በላይ ለሚያጨስ ሰው መነሻው 21 ሚሊግራሙ ነው፤ ከ10 በታች ለሆነ 14ቱ። ጠዋት ፀጉር በሌለበት፣ ንጹሕና ደረቅ ቆዳ ላይ፣ ክንድ ወይም ደረት ላይ ይለጠፋል፤ በ24 ሰዓት ይቀየራል፤ በየቀኑ ቦታ ይለወጣል። በላዩ ላይ ማጨስ ክልክል ነው። ፕላስተሩ ኒኮቲን አለበትና ለቁስሉ ፍጹም ንጹሕ አይደለም፤ ነገር ግን ጭስ የለውም፣ መሳብ የለውም፣ የሚሰጠውም በዝግታ ነው። ከሲጋራው ጋር ሲመዘን እኔ ያለ ማመንታት ፕላስተሩን እመርጣለሁ። የልብ ሕመም ካለብዎ አስቀድመው ሐኪም ያነጋግሩ፤ ጥርሱን የሚያወጣልዎትም ሰው ፕላስተር ላይ መሆንዎን ይወቅ። የኒኮቲን ማስቲካ ግን ለዚህ ሳምንት አይሆንም፤ የሚታኘክ ነገር ሁሉ አይሆንም።

ፕላስተር ካልተገኘ ቤት ውስጥ ያለውን ፓኮና ላይተር ረቡዕ ጠዋት ከቤት ያውጡ። አንድ የሐራራ ማዕበል አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያልፋል፤ ቀዝቃዛ ውኃ ከብርጭቆ በትንሽ በትንሹ መጎንጨት፣ ከተቀመጡበት ተነሥቶ ክፍል መቀየር ያሻግራል። ሲጋራው ከጠዋት ቡና ጋር የተቆራኘ ከሆነ ቡናውን ለእነዚህ ቀናት ሌላ ቦታ ይጠጡት ወይም ይተዉት። ለመጀመሪያው 24 ሰዓት ትኩስ ነገር ስለማይፈቀድ መለያየቱ እንደውም ይቀላል።

ሐሙስ ከክሊኒኩ ሲወጡ ጎዝ ነክሰው ነው። ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ሳይከፍቱ፣ ሳያወሩ ጠበቅ አድርገው ይንከሱት። በየ5 ደቂቃው እያወጡ «ደሙ ቆመ ወይ?» ብሎ ማየት ደሙ እንዳይረጋ ያደርጋል። ምራቅዎን ይዋጡ እንጂ አይትፉ። ደም የቀላቀለ ምራቅ መዋጥ እንደሚያስጠላ ይገባኛል፤ ግን በኃይል መትፋትም እንደ መሳብ ሁሉ የረጋውን ደም ሊያላቅቀው ይችላል፤ ደሙን እንዲቀጥል ከሚያደርጉት ነገሮችም አንዱ ይኸው ነው። የአዳማ ፀሐይ ስለሚከብድ በእግርዎ አይሂዱ፤ ባጃጅ ይዘው ቤትዎ ይግቡ። በረዶ በጨርቅ ጠቅልለው ጉንጭዎ ላይ 15 ደቂቃ ያዙ፣ 15 ደቂቃ ያሳርፉ፤ ይህን በመጀመሪያው ቀን ይደጋግሙት። ሲተኙ በሁለት ትራስ ጭንቅላትዎን ከፍ ያድርጉ። ሶደሬ ፍል ውኃ ለመግባት ያሰበ ካለ ለሳምንት ይተወው፤ ሙቀቱ ደም ሥር ከፍቶ መድማትን ይመልሳል።

ደሙ ማታ ቢመለስ አዲስ ጎዝ አጠፍ አድርገው፣ በውኃ አርሰው፣ ቁስሉ ላይ አድርገው ለ30 ደቂቃ ይንከሱ። ጎዝ ከሌለ በሙቅ ውኃ ተነክሮ የቀዘቀዘ የጥቁር ሻይ ከረጢት ይሠራል፤ በሻዩ ውስጥ ያለው ታኒን ደም እንዲረጋ ይረዳል።

ማስታገሻ ማደንዘዣው ሳይለቅ ነው የሚወሰደው። ሕመሙ ከነገሠ በኋላ ማውረድ ከባድ ነው፤ ሕመም ደግሞ ቀጥታ ወደ ሲጋራው ይነዳል። ለአብዛኛው ጤነኛ ጎልማሳ አይቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም ከምግብ ጋር በየ8 ሰዓቱ፣ ከፓራሲታሞል 1000 ሚሊግራም (ሁለት የ500 ፍሬ) በየ8 ሰዓቱ ጋር አብሮ መውሰድ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ከመውሰድ የተሻለ ያስታግሳል። ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም አስም ካለብዎ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም አይቡፕሮፌኑን ሐኪም ሳይጠይቁ አይንኩ። ዲክሎፍናክ ታዞልዎት ከሆነ አይቡፕሮፌን አይጨምሩበት፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ጨጓራን ይልጣሉ። አስፕሪን አይሆንም፤ መድማቱን ያረዝማል። አሞክሲሲሊን ከፋርማሲ በራስ ገዝቶ መዋጥም ድራይ ሶኬትን አያድንም።

አርብ ከ4 ሰዓት በኋላ መጉመጥመጥ ይጀመራል፤ ከዚያ በፊት አይደለም። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ያሟሙ። አፍዎ ውስጥ ይያዙትና ጭንቅላትዎን ወደ ግራና ቀኝ ያዘንብሉ፤ ጉንጭ እየነፉ አያንገጫግጩት። ሲጨርሱ አይትፉት፤ አፍዎን ከፍተው ወደ መታጠቢያው እንዲፈስ ይተዉት። ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላና ከመኝታ በፊት እንዲህ ያድርጉ። ክሎርሄክሲዲን ከታዘዘልዎ ጠዋትና ማታ 10 ሚሊሊትር ለአንድ ደቂቃ፣ ለሳምንት ያህል፤ ይህ መጉመጥመጫ የድራይ ሶኬትን ዕድል በእውነት ይቀንሳል፣ ለአጫሽ እንዲታዘዝም እመርጣለሁ። የጥርስ ሳሙና ሥራውን ስለሚያበላሽበት በመካከላቸው ግማሽ ሰዓት ይለፍ። ሌሎቹን ጥርሶች ከመጀመሪያው ማታ ጀምረው በለስላሳ ብሩሽ ይቦርሹ፤ ቁስሉን ብቻ ይሽሹት።

ምግቡ ቀላል ነው፦ ለብ ያለ አጥሚት፣ በርበሬ የሌለው ገንፎ፣ የተፈጨ ድንች፣ እርጎ፣ ሙዝ፤ ጾም ከሆነ የአጃ ሾርባ፣ አቮካዶ። ጁስ ቤት ገብተው ስፕሪስ ቢያዙ ስትሮውን ይመልሱና በማንኪያ ይብሉት። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ፈንዲሻ ለሁለት ሳምንት ይቅሩ፤ ስባሪያቸው ጉድጓዱ ውስጥ ይሰነቀራል።

ወደ ቅዳሜ እንምጣ። ሦስት ነገሮች ተደራርበዋል፤ ሦስቱም ለቁስሉ መጥፎ ናቸው። ጫት ከአወዳይም ይምጣ ከሌላ ቦታ፣ ለሰዓታት ይታኘካል፣ በጉንጭ ይታቆራል፤ ደቃቁ ቅጠል ስፌቱ ሥር ይገባል፣ ሊወጣም አይችልም። በቀኝ በኩል እቅማለሁ ቢሉም ምላስና ምራቅ ሁሉንም ጎን ያዳርሱታል። በውስጡ ያለው ካቲኖን ደም ሥር ያጠብባል፣ የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ አፍ ያደርቃል። ምርቃናው ሕመሙን ስለሚሸፍን የቆሰለውን ቦታ ምን ያህል እንዳደከሙት የሚያውቁት ማታ ነው። ከዚያ እንቅልፍ ይጠፋል፤ ለመስበር ጨብሲ ይከተላል፤ መጠጡ ከመድኃኒቱ ጋር ይጋጫል፣ በተለይ ሜትሮኒዳዞል ታዞ ከሆነ። ሺሻው ደግሞ ከሲጋራ የባሰ ነው። አንድ ሲጋራ በደቂቃዎች ያልቃል፤ ሺሻ እስከ አንድ ሰዓት ይሳባል፣ እያንዳንዱ ስበት ረጅምና ጥልቅ ነው፣ ከሰሉም ብዙ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ውኃው ይህን አያጣራም። ቅዳሜ ያ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ «እኔ አልቅምም» ማለት በ3ኛው ቀን ከሰው የሚጠበቅ ጽናት አይደለም፤ ባይሄዱ ይሻላል። ጫቱን ቢያንስ ለ7 ቀን፣ ሺሻውን ለሁለት ሳምንት ያራዝሙት። ለሱረትም ይኸው ነው።

ሆኖም ቢሳሳቱና ቢያጨሱስ? አንዱን አጨስኩ ብሎ ፓኮውን መጨረስ የለም፤ እያንዳንዱ ተጨማሪ ሲጋራ በአደጋው ላይ ይጨምራል። ውኃ ይጠጡ፣ በኃይል አይጉመጥመጡ፣ ቁስሉን በጣት ወይም በስንጥር አይነካኩ፣ 72 ሰዓቱን ከዚያች ሰዓት ጀምረው እንደገና ይቁጠሩ። ሕመም ካልጨመረ ወደ ሐኪም መሮጥ አያስፈልግም።

በስልክዎ መብራት መስታወት ፊት ቆመው ቁስሉን ሲያዩ የሚያስደነግጥዎ ብዙ ነገር ጤናማ ነው። በመጀመሪያው ቀን ጠቆር ያለ ቀይ የረጋ ደም ይታያል። በ3ኛው ቀን ላዩ ነጣ ወይም ቢጫ ያለ ስስ ሽፋን ይለብሳል፤ ይህ መግል አይደለም፣ አይጠረግም። እብጠት በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ጣሪያ ደርሶ ይወርዳል፤ አፍ በደንብ አለመከፈቱም ለተወሰኑ ቀናት የተለመደ ነው። ዋናው መለያ የሕመሙ አካሄድ ነው። ጤነኛ ቁስል በየቀኑ ይሻለዋል። ድራይ ሶኬት ግን መሻል ከጀመረ በኋላ ተመልሶ ይነሣል፦ ወደ ጆሮና ወደ ጎን ራስ የሚወጋ፣ ማስታገሻ የማይበግረው፣ ሌሊት የሚነሣ ሕመም፤ መጥፎ ጠረንና ጣዕም፤ ጉድጓዱም ባዶ ሆኖ በሥሩ ግራጫማ አጥንት ይታያል።

እንዲህ ከሆነ አረቄ መጉመጥመጥ፣ ነጭ ሽንኩርት ወይም የተወቀጠ ቅርንፉድ መሰግሰግ ሥጋውን ያቃጥላል። ሐኪሙ ጉድጓዱን ለብ ባለ የጨው ውኃ አጥቦ ዩጂኖል ያለበት መድኃኒት ያስቀምጥበታል። ዩጂኖል ራሱ ከቅርንፉድ የሚገኝ ነው፤ ልዩነቱ መጠኑና ንጽሕናው ነው። ብዙ ሰው በዚያው ሰዓት ውስጥ ይቀለዋል። መድኃኒቱ እንደ ዓይነቱ በየ1 ወይም 2 ቀኑ ሊቀየር ይችላል፤ ቁስሉም ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይስተካከላል። «ደም እንዲመጣ ይቧጠጥ» ከተባሉ እምቢ ይበሉ፤ አጥንቱን ከማቁሰል ውጭ ጥቅም የለውም። ሐኪሙ ፊት ማጨስዎን አይደብቁ፤ ቁጥሩንና የመጨረሻውን ሰዓት በትክክል ይንገሩት።

ይህን የሚያነቡ ሌሎችም ስላሉ ሁለት ነገር ልጨምር። የላይኛው የመጨረሻ መንጋጋ ሥር ከአፍንጫ ጎን ካለው የአየር ክፍል ጋር ይቀራረባል፤ እዚያ ቀዳዳ ከተፈጠረ መሳብም ሆነ አፍንጫን በኃይል መናፈጥ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። ውኃ ሲጠጡ በአፍንጫ የሚወጣ ከሆነ ምልክቱ ይህ ነው፤ ለሐኪም ያሳዩ። የእርግዝና መከላከያ ክኒን የሚወስዱ ሴቶችም ለድራይ ሶኬት ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው፤ የሚያጨሱ ከሆነ ሁለቱ ይደመራሉ።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ምልክቶች ደግሞ እነዚህ ናቸው፦ ጎዝ ነክሰው ለአንድ ሰዓት ያህል ቆይተውም የማይቆም ደም፣ ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ ከ3ኛው ቀን በኋላ እየጨመረ ወደ አገጭ ሥርና ወደ አንገት የሚወርድ እብጠት፣ ለመዋጥ ወይም ለመተንፈስ መቸገር። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ሌሊትም ቢሆን ወደ አዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ የወሰዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነፓኬቱ ይዘው ይሂዱ።